የጸሐይነሽ ድንጋይ

ይህን ታሪክ ከማንም አልሰማሁትም። የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ ለማሳመን ጊዜ የለኝም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ጨለማ አልነበረም። ደሃና ወረዳ ላይ ፀሐይ አናት ትበሳ ነበር።

በደን ሳይንስ ተመርቄ ሰቆጣ ከተቀጠርኩ ገና አራት ወሬ ነበር። የተላክሁት መንደሩ የሚጠብቀው ደን ገብቼ ዛፍ እንድቆጥር ነው። ገበሬዎቹ ገደላገደሉን ከከብት ከዘጉት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ወይራው አገግሟል፤ ሚዳቋው ተመልሷል። እነሱም በዕጣ ሣር ያጭዳሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ።

አንድ ደንብ አላቸው። የሚገባ ሰው ሁሉ በደኑ በር ሥር አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል። ሲወጣ የራሱን አንስቶ ገደል ይወረውራል። ድንጋይ ከቀረ ሰው ቀርቷል ማለት ነው፤ በሩ አይዘጋም።

"ድንጋይሽን አስቀምጪ" አሉኝ ጠባቂው አቶ ደጅይጥኑ። ሰላም እንኳ አላሉኝም።

"አባቴ፣ መኪና ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።"

"መኪናሽን አስቀምጪ መቼ አልኩሽ?"

አልፌያቸው ገባሁ።

መንገድ የምታሳየኝ ጸሐይነሽ ሳቀች። አርባ ቢሆናት ነው። የዕለቱ የሣር ዕጣ የእሷ ስለነበር ማጭዷን ይዛለች፤ ሌላ ሰው ውስጥ አልነበረም።

"ዛፍ ቆጣሪ ድንጋይ ማንሳት ያቅታታል?" አለችና ግንድ ላይ የምንጽፍበትን ቀዩን ጠመኔ ከእጄ ነጥቃ በራሷ ድንጋይ ላይ መስቀል ሠራች። "ይኸው፣ የኔም ይቆጠርልኝ።"

በሩ ሥር አንድ ድንጋይ። የገባነው ሁለት።

እኔ ቁጥሩን እጠራለሁ፣ እሷ ግንዱ ላይ በጠመኔው ትጽፋለች።

ሃያ ላይ ቀፎዎቹን አለፍን። ንቦቹ ቀፎው አፍ ላይ ተሰብስበዋል... አንዳቸውም ድምፅ የላቸውም።

ሃያ ስድስት ላይ ሣሩ አንድ ሰው እንደረገጠው ተኛ። ንፋስ አልነበረም።

"ሠላሳ አንድ" አልኩ።

"ሠላሳ ሁለት..."

የጸሐይነሽ ድምፅ ነው። ከፊታችን፣ ከወይራው ጀርባ።

ጸሐይነሽ ግን አጠገቤ ቆማለች። አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

"ማነው?"

"ዝም በይ" አለች በሹክሹክታ። "በሩ ላይ ስንት ድንጋይ አለ?"

"አንድ።"

"እኛስ?"

"ሁለት።"

"ያልተቆጠረ ሰው የደኑ ነው። ሩጪ። አንድ ድንጋይ ጨምሪልን። እኔ እያጨድኩ አቆየዋለሁ።" ክንዴን ጨበጠችኝ። "የኔን እንዳትነኪ። ሰማሽ? የኔን እንዳትነኪ!"

ሮጥኩ።

ከኋላዬ የማጭዷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የሁለት ማጭድ ድምፅ ሆነ።

በሩ ላይ አቶ ደጅይጥኑ የሉም። ተረኛው ተቀይሯል። የሻምበል የሚሉት ጎልማሳ በትሩን አጋድሞ መንገዱን ዘጋብኝ። ስንገባ እሱ አላየንም፤ የሚያውቀው ድንጋዩን ብቻ ነው።

"ድንጋይ ላስቀምጥ!"

"ከውስጥ የመጣ ያነሳል እንጂ አያስቀምጥም።"

"አሳልፈኝና እንደገና ልግባ።"

"ድንጋይ የሌለው አያልፍም። ተምረሽ የለ? ደንብ ይገባሻል።"

መኪናው ጥሩምባ ነፋ።

ከኋላዬ፣ ከእጅ በማይርቅ ቦታ...

"ሠላሳ ሦስት።"

ዞሬ አላየሁም። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን አነሳሁ።

"ያንቺ ነው?"

"አዎ።"

"ቀይ መስቀል አለበት።"

ቀይ ጠመኔ የነካቸውን ጣቶቼን አሳየሁት። "ጠመኔው የማን ይመስልሃል?"

ወረወርኩት። መሬት ሲነካ አልሰማሁም።

የሻምበል ባዶውን መሬት አየና የእሾህ በሩን ጎትቶ ዘጋ።

"ሁሉም ወጥቷል" አለ።

ስምንት ቀን ፈለጓት። ሣሩ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ተከምሯል። እሷ የለችም። ግንዶቹ ላይ ቀይ ቁጥር ነበር... ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት... ፈላጊዎቹ አራት መቶ ላይ ሲደርሱ ተመለሱ።

ድንጋይ አልቀረምና ለቅሶ አልተቀመጡላትም። "ወጥታለች" አሉ፤ እኔን እያዩ። የወረወርኩት ድንጋይ የማን እንደነበር አልነገርኳቸውም። ልጇ ከቤሩት እየደወለች እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

"እናቴ ወጥታ ወዴት ሄደች?"

ሥራውን ለቀቅሁ። ሰቆጣ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ደጄ ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል። ገለበጥኩት።

ቀይ መስቀል።

ይህን በስልኬ የምጽፍላችሁ ከቤቴ ውጭ ቆሜ ነው። ጄሪካኑ እጄ ላይ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል።

የቤቴ ወለል ሲሚንቶ ነው።

ውስጥ ሣር እየታጨደ ነው...