ወፎቹ ያልተነሡለት ታንኳ

እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ሲያወራ «ስንት ብርሌ ጠጥተህ ነበር?» እያሉ ከሚያሾፉት ወገን ነበርኩ፣ ደግሞም የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ጠመኔ ይዤ «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» ስል የኖርኩ ሰው፣ ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ባታምኑኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ዕጣዬ ባሕር ዳር ወጣና ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መጣሁ፣ የማውቀው ሰው የለም፣ ካለኝ ንብረት የሚያኮራኝ አንድ ፈረንጅ መምህሬ አገሩ ሲገባ የሰጠኝ የሩቅ ማያ መነጽር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ወፍ ማለት ቁራና እርግብ ነው፣ ጣና ዳር ስወርድ ግን ፔሊካኑ፣ ሽመላው፣ አባ ኮዳው፣ ጮኾ የሚያስደነግጠው ዓሣ በል ንስር፣ ምን ልበላችሁ፣ ወፍ በሽታ ሆነብኝ። ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ነኝ፣ ከክፍል ስወጣም እዚያው። በዚያ ዘመን መነጽር አንገት ላይ አንጠልጥሎ ውኃ ውኃ ማየት ምን እንደሚያመጣ አስቡት፣ አንዱ የቀበሌ ጥበቃ «ጓድ፣ ማንን ነው የምትሰልለው?» ብሎ ሲያፈጥብኝ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ደቅኜ ንስሯ ዓሣ ስትነጥቅ አሳየሁት፣ ከዚያ ወዲያ «እስቲ አምጣት» እያለ መከራዬን አበላኝ።

በዚያ ዓመት የተማርኩት ትልቁ ነገር ወፍ እንደማይታለል ነው። ታንኳ ሲቀርብ ይነሣል፣ ውሻ ሲመጣ ይነሣል፣ እኔ በደረቴ ብሳብ እንኳ ልክ መነጽሩን ሳስተካክል ብር ይላል፣ ነፍስ ያለው ነገር አያመልጠውም። ይህን እያማረርኩ ለአከራዬ ለእትዬ ጥሩነሽ ስነግራቸው «አንተስ ምን ይሁኑልህ፣ ቁርስ ያቅርቡልህ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ሳቃቸው ያን ያህል ብዙ አልነበረም። አንድ ልጃቸው ይበልጣል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል፣ ፎቶግራፉ ሳሎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ጥርሱ ፍንጭት ያለ መልከ መልካም ልጅ ነው። የሚፈሩት ደግሞ ጎህን ነበር፣ መርዶ በማለዳ ነዋ የሚመጣው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቄስ ይዞ፣ ድምፁን አጥፍቶ። እና እኔ በማለዳ የግቢውን በር ከፍቼ ስወጣ ከውስጥ «አንተ ነህ?» ይላሉ፣ «እኔ ነኝ እትዬ» እላለሁ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ ይሰማኛል።

ያን ቀን ጥቅምት ነበር፣ ጉም ሐይቁ ላይ ተኝቷል። አያ ደሴ የሚባሉ ዓሣ አስጋሪ ጎረቤታችን ታንኳቸውን ከዳር እየጎተቱ ነበር፣ እኔ ውኃው ዳር በበቀለው ደንገል ሥር ተጠጋግተው የተኙትን ፔሊካኖች እያየሁ ነው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ታንኳ ወጣ። ወጣት ልጅ ቆሞ እየቀዘፈ ነው፣ በግራ እጁ። መነጽሩን ሳስተካክል የሳሎኑ ፎቶግራፍ ፊት ለፊቴ ድቅን አለ። እመኑኝ፣ ያው ፊት፣ ያው ፍንጭት ጥርስ!

«አያ ደሴ፣ ይኼን ልጅ ያውቁታል?» ብዬ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ተቀብለው ዓይናቸው ላይ ደቀኑት።

«ይበልጣል! የኔ ጌታ፣ ይበልጣል ነው! በግራው ሲቀዝፍ አልለየውም? ታንኳ ያስተማርሁት እኔ!»

ልጁ በፔሊካኖቹ መካከል አለፈ፣ ወደ እኛ ዞረ፣ እጁን አንሥቶ ወደ እናቱ ቤት አመለከተና ደንገሉ ውስጥ ገባ። አያ ደሴ ቢጣሩ አልመለሰም።

ከጦሩ ከድቶ መጥቶ ነው አልን፣ ሌላ ምን እንበል? እልል እንዳንል ቀበሌ ይሰማል፣ ልጁ ይያዛል። አያ ደሴ ደግሞ «ድንገተኛ ደስታም ይገድላል፣ የነፍስ አባቷን እንያዝ» አሉ፣ ቄሱን ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠርተን ሦስታችንም ድምፃችንን አጥፍተን ግቢው ገባን።

«አንተ ነህ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ግን በሩን ከፈቱና ከኋላዬ ቄሱን አዩ። የወጣቸው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረታቸውን ሲመቱ ነው የሠራነው ሥራ የገባን፣ በገዛ እግራችን መርዶ ነጋሪ መስለን መጥተን! «የለም እትዬ፣ የምሥራች ነው፣ መጥቷል፣ በዓይናችን አይተነዋል!» እያልን አፋቸውን ይዘን ለመንናቸው። ቄሱን አዩ፣ አያ ደሴን አዩ፣ ከዚያ የልጃቸውን ጋቢ ከአልጋው ላይ መንጭቀው ወደ ሐይቁ ሮጡ።

ማንም የለም። አያ ደሴ ደንገሉን ውስጥ ለውስጥ አሰሱት፣ ታንኳ የለም፣ የተሰበረ ደንገል እንኳ የለም። «ፈርቶ ነው፣ ይወጣል» አሉ እትዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ጋቢውንና ዳቦውን ይዘው ከእኔ ጋር ይወርዱ ጀመር፣ ፊታቸው ፈክቶ፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ወፎቹ ከፊታችን ብር እያሉ ሲነሡብኝም አልተናደድኩም።

አንድ ጧት ታዲያ እትዬ መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ፔሊካኖቹ ገና ከሩቅ አይተውን ተነሥተው ሐይቁ ላይ ይዞራሉ።

«ልጄ፣ አንተ ስለ ወፍ ታውቃለህ። ያን ቀን እሱ በመካከላቸው ሲያልፍ ተነሡ?»

አላሰብኩትም ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ ወፍ ስመለከት የከረምኩት ሰውዬ አላሰብኩትም! ታንኳው ክንፋቸውን እየነካ ሲያልፍ አንዱም አንገቱን አላቀናም፣ ተኝተው ነበር። ልዋሽ ፈለግሁ፣ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

«አልተነሡም እትዬ» አልኩ።

አልጮኹም። ዳቦውን ውኃው ዳር አስቀመጡት፣ ጋቢውን ለበሱት፣ ቤት ገብተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጣፉ።

እውነተኛዎቹ መርዶ ነጋሪዎች የመጡት ከሳምንታት በኋላ ነው፣ እንደ ወጉ በማለዳ። ይበልጣል የሞተው ገና በክረምቱ ነበር አሉን፣ እኛ ታንኳ ላይ ከማየታችን በፊት። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ሲገቡ እትዬ ጥሩነሽ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ግቡ፣ አትቸገሩ፣ ነግረውኛል» አሉ፣ በእጃቸው እኔንና አያ ደሴን እያመለከቱ፣ «ልጄ ራሱ ነው የላካቸው።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዞረው አዩን።

አያ ደሴ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል መረብ ጥለው አያውቁም፣ ስለዚያ ጧት ካነሣሁባቸውም ተነሥተው ይሄዳሉ። እኔ ባሕር ዳር ቀረሁ፣ ሸበትኩ፣ መነጽሩም አለ። በቅርቡ በማለዳ ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳለ አንድ ታንኳ ከጉሙ ወጣ፣ ላዩ ላይ የቆመው ሰው ወደ እኔ ዞሮ እጁን አነሣ። ወፎቹ በመካከላችን ነበሩ። እነሱን ማየት ፈራሁ፣ ፊቴን አዙሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።