ያላስመጠጥኩት ትንፋሽ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የምነግራችሁ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ የሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ውስጥ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ ዝሏል...

የመጨረሻዋ ታካሚ ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ጨጓራዋ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አልለቅ ብሏታል። ከጨጓራዋ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ፣ ባክቴሪያውን እኔው ሳህን ላይ አሳድጌው ነበር። መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ወረቀቶች አስቀመጥኩበት። የሚሠራ መድኃኒት ካለ ባክቴሪያው ወረቀቱ ዙሪያ ድርሽ አይልም።

ከአንዱ ወረቀት በቀር ባክቴሪያው ሁሉም ሥር ድረስ በቀለ።

ያንን አንዱን መድኃኒት ወስዳ ጨረሰች። ካልሠራ ሌላ የለንም።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኛ ዘንድ የሚያወጣው ትንፋሽ ነው። ታካሚው የምንሰጠውን ፈሳሽ ይጠጣና ከረጢት ይነፋል። ማሽኑ ትንፋሹን መጥጦ ባክቴሪያው መኖር አለመኖሩን ይናገራል።

ነፋች። ከረጢቱን ዘጋሁት።

"ኮሪደሩ ላይ ቁጭ በይ፣ እታለም።"

ጓንት ቀይሬ ስመለስ ከረጢቱ ጎድሏል። የሚያፈስ መስሎኝ ክዳኑን አጠበቅሁት።

ቀስ ብሎ ተነፋ...

ቀስ ብሎ ጎደለ...

ድካም ነው አልኩ። የደከመ ዓይን የማያሳየው ጉድ የለም።

በበሩ መስታወት እህቴን አየኋት። ደረቷ ከፍ ሲል ከረጢቱ ይጎድላል። ደረቷ ዝቅ ሲል ይሞላል።

በጣቴ ጫን አልኩት። ወዲያው ውጭ እህቴን ሳል ያዛት።

ፈራሁ። ግን ውጤቱን ሳላውቅ እንዴት ልሸኛት? ከማሽኑ ጋር አገናኘሁት። መምጠጥ ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ሚጢ..." አለች በሹክሹክታ። "አየሩ... የት ሄደ?"

ነቀልኩት። እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ተነፈሰች። አሳዳጊዬን በእጄ ልገድላት ነበር።

"ውጤቱስ?"

"ትንፋሹ አልበቃም አለ። ሌላ ቀን እንደግመዋለን።"

"እኔስ ደክሞኛል።"

"እኔም ደክሞኛል፣ እታለም።"

ከረጢቱን ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ማንም እንዳይነካው አድርጌ አስቀመጥኩት። ማታ ማታ ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባለፈው ሳምንት ሕመሟ ባሰ። ሐኪሙ ምርመራው ይደገም አለ። ምን ብዬ ልከልክል? አዲስ ከረጢት ሰጠኋት።

ጉንጯ እስኪወጠር ነፋች... ደገመች...

ከረጢቱ ጠፍጣፋ እንደሆነ ቀረ።

"ምነው ሚጢ፣ ቀዳዳ ነው እንዴ?"

ቀና ብዬ አየሁ። ከጀርባዋ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አሮጌው ከረጢት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።