ያልተሸጠው ምድጃ

ኡስታዝ ዙሄር የተገኙት በማኅበራቸው መጋዘን ውስጥ፣ ምድጃው ፊት ለፊት፣ ግድግዳ ተደግፈው እንደተቀመጡ ነው። ያያቸው ሁሉ መጀመሪያ ያሸለቡ መስሎት ነበር። ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ግንባራቸው ተፈቶ፣ በሕይወት ሳሉ ያልነበራቸው ጤና በሞቱ ሰዓት የመጣላቸው ይመስሉ ነበር።

ኢንስፔክተር ካሊዮፒ ኢኽላስን አስጠራቻት። ኢኽላስ ኦምዱርማን ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አቴና ከገባች ወዲህ ለፖሊስ ከዓረብኛ ወደ ግሪክኛ ታስተረጉማለች። ባሏን ባሕር በልቶት አስከሬኑ ሲጠፋ፣ ሬሳ በሌለበት የሙት ሶላት ያሰገዱላት ኡስታዝ ዙሄር ነበሩ። አሁን እሳቸውን ቁልቁል እያየች ሐዘኑ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። ደንዝዛለች፤ መደንዘዟን ራሷም ታውቀዋለች።

«የጋዝ መርዝ ነው ይላል ሐኪሙ» አለች ካሊዮፒ። «ምድጃው እየነደደ፣ በሩ በብርዱ ምክንያት ተዘግቶ። አመሻሽ ላይ፣ መግሪብ ሶላት ሲቃረብ ያገኛቸው አፍጋኒስታናዊው ዳቦ ጋጋሪ ናስሩላህ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ላቢብ ደግሞ ምድጃው ከቀትር በኋላ ለዚሁ ሰው ተሽጧል፣ ለኩሶ ጥሎት የሄደው እሱ ነው ይላል።»

«ናስሩላህን ምን ልታደርጉት ነው?»

«ነገ ከሰዓት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ፊት ይቀርባል። በቸልተኝነት ሰው መግደል። የጥገኝነት ጥያቄው ገና አልተወሰነም፤ እንግዲህ እሱም አበቃለት።»

ኢኽላስ የምድጃውን በር ከፈተች። ውስጡ አንዲት ዳቦ ከስላ ተቀምጣለች። ጎንበስ ብላ የሟቹን እጅ አየች፤ በጥፍራቸው ሥር ሊጥ ደርቋል።

ከዚያ ወደ ጓሮው አጥር ዞራ አሻግራ አየች። የምድጃው የጭስ መውጫ ግድግዳውን በስቶ ይወጣና፣ ከላይኛው ፎቅ የማኅበሩ ቢሮ መስኮት ሥር ያበቃል። ጓሮው በር የለው፣ መሰላል የለው። ያንን ቧንቧ በእጁ መንካት የሚችል ከመስኮቱ የተንጠራራ ሰው ብቻ ነው።

ኡስታዝ ዙሄር የሚመሩትን ማኅበር በዚያ ሰፈር የማያውቅ የለም። ከወለድ ለሚሸሽ ስደተኛ ነጋዴ ገንዘብ አያበድርም፤ ዕቃውን ራሱ ይገዛና ትርፉን በግልጽ ተናግሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥለታል። የግማሹ ሰፈር የልብስ ስፌት መኪናና ማቀዝቀዣ በኡስታዝ ዙሄር እጅ ያለፈ ነው።

ቢሮው ይቀዘቅዛል። ሁለቱም መስኮቶች ነፋስ እንዳይገባ ዳር ዳራቸው በቡናማ ፕላስተር ታሽጓል። የአንደኛው ፕላስተር አቧራ ጠጥቶ ጠቁሯል፣ የሌላኛው ያብለጨልጫል። ከሁለቱ ወንበሮችም የኡስታዝ ትራስ አለው። ላቢብ የተቀመጠው ደረቅ እንጨት ላይ ነው።

«አክስቴ፣ አባቴን ነው ያጣሁት» አላት ዓይኑን እየጠራረገ። ሥጋ ዘመዷ አይደለም፤ ለአክብሮት ነው እንዲያ የሚጠራት።

«አላህ ይማራቸው። ሽያጩን አየህ?»

«በዓይኔ! ነጋዴው ሹክሪ ምድጃውን ገጥሞ እንደሄደ፣ መጋዘኑ በር ላይ። ኡስታዝ ‹ሸጥኩልህ› አሉት፣ እሱም ‹ተቀበልኩ› አለ፣ ተጨባበጡ። እኔ ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ይሄ እንጨት በዚህ ብርድ አይቆረቁርህም?»

«ለምጄዋለሁ» አለ ላቢብ፤ ግን ቶሎ ነው ያለው።

ግብፃዊው ሹክሪ ያገለገሉ የወጥ ቤትና የዳቦ ቤት ዕቃዎች ነጋዴ ነው። ኢኽላስን ሲያያት ከማቀዝቀዣዎቹ መሐል ብቅ አለ።

«ሐጃ! ደሞ ወደ ፖሊስነትሽ ተመለስሽ እንዴ?»

«ምድጃህ ሰው ገደለ እየተባለ ነው።»

«የኔ ምድጃ?» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ኡስታዝ እኮ ቧንቧውን እስከ ብብታቸው ጎርጉረው፣ በባትሪ አይተው ነው የገዙኝ! ዛሬ ቀን ስገጥመውም ቆመው ነበር፤ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ያመጣሁት አንድ ምድጃ፣ ጠያቂው ብዙ። ሶሪያዊቷ መዲሃ ‹ምድጃዬ ደረሰ ወይ?› ትለኛለች። ባንግላዴሹ ሰውዬ ደግሞ ‹የኔን ምድጃ እንዳትቧጭርብኝ› ይለኛል። ናስሩላህም ሲጨመር፣ አንድ ሙሽራ ለሦስት ባል!»

«ማን ሸጠልን አሉህ?»

«ጸሐፊው ነዋ። ከሁለቱም ቀብድ ተቀብሏል።»

ናስሩላህን ያገኘችው ጣቢያ ነው። ዓረብኛ አይችልም፤ በተሰባበረ ግሪክኛ ተነጋገሩ።

«ኡስታዝ ሸጡልህ?»

«አልሸጡልኝም። ‹መጀመሪያ እኔ እጋግርበታለሁ፤ ደህና ከሆነ ከመግሪብ በፊት መጥተህ እንነጋገራለን› አሉኝ። ስመጣ ራሳቸውን ስተዋል። ጮህኩ፣ እሳቱን አጠፋሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ፖሊሱ ‹ለምን ነካኸው?› ይለኛል። ሰው ራሱን ስቶ እሳት ሲነድ ታዲያ ምን ላድርግ?» መዳፎቹን ዘረጋ። «እህቴ፣ እኔን ከመለሱኝ ካቡል ላይ ከአውሮፕላን ስወርድ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ኡስታዝም ያውቁ ነበር።»

ኢኽላስ ጨነቃት ለማለት ያስቸግራል። ሊጨንቃት እንደሚገባ አወቀች፣ ተነስታም ወደ ካሊዮፒ ሄደች።

በማግስቱ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት በኋላ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። ናስሩላህ በካቴና ታስሮ ከፖሊሱ ጎን፣ ሹክሪ ምድጃውን ተደግፎ፣ ላቢብ በሩ አጠገብ፣ ካሊዮፒ በመሐል። ኢኽላስ የከሰለችውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይህችን ዳቦ ማን ጋገራት?» አለች። «በጥፍራቸው ሥር ሊጥ የነበረባቸው ኡስታዝ ናቸው። ለምን ጋገሩ? ሹክሪ፣ ንገራቸው።»

«ልማዳቸው ነዋ። ማኅበሩ ያልጨበጠውን አይሸጥም፤ በእጁ ሳለ ቢሰበር ኪሳራው የራሱ ነው። እሳቸው ደግሞ መጨበጥ ማለት መሥራት ነው ይሉ ነበር። የስፌት መኪና ሲገዙኝ ሱሪ ሰፍተውበታል። አንድ እግሩ አጥሮ ለብሰውት ዞሩ!»

ኢኽላስ ዳቦዋን ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«ከሸጡ በኋላስ?»

«ከሸጡ በኋላማ የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ጫፉን አይነኩም።»

«እንግዲህ ላቢብ እንዳለው ምድጃው በር ላይ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ፣ ኡስታዝ ገብተው የናስሩላህን ምድጃ ለኩሰው የራሳቸውን ዳቦ አይጋግሩም ነበር። ዳቦዋ ምድጃው እንዳልተሸጠ ትመሰክራለች። ናስሩላህ ደግሞ ምድጃውን የሚያገኘው ኡስታዝ በሕይወት ወጥተው ከሸጡለት ብቻ ነው። በዚህ ቤት ውስጥ የእሳቸውን ዕድሜ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልግ እሱ ነበር።»

ላቢብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምናልባት… ቀኑ ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ቀኑ አልተምታታብህም። ቧንቧው ክፍት ነበር፤ ሹክሪም ኡስታዝም አይተውታል። ምድጃው እየነደደ ሳለ ግን ተደፍኗል። የሚደርስበት ካንተ መስኮት ብቻ ነው፤ የዚያ መስኮት ፕላስተር አዲስ ነው። ክረምቱን ሙሉ የተቀመጥክበት ትራስ የት ገባ፣ ላቢብ?»

ላቢብ ክው አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱ አሁን ገና ነው ያወቀው።

«ገና ያልተገዛ ምድጃ ለሌላ ሁለት ሰው ሸጠሃል» አለች ኢኽላስ። «መዲሃም ባንግላዴሹም ላም አለኝ በሰማይ ብለው ተቀምጠዋል። ዛሬ ናስሩላህ ምድጃውን ጭኖ ቢሄድ ነገ ሁለቱ ኡስታዝ ዘንድ ይመጡ ነበር።»

«መግደል አልፈለግሁም!» ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «ወላሂ አክስቴ! ነውር፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ለሻጩ ይመለሳል፤ ሕጋችን ነው። ቧንቧውን ብደፍነው ጭስ ይሞላና አስለው ይወጣሉ፣ ‹ይሄ ምድጃ ነውር አለበት› ብለው ለሹክሪ ይመልሱታል፣ እኔም ቀብዱን የምመልስበት ጊዜ አገኛለሁ አልኩ። ሲያስሉ ለመስማት መስኮቱ ጋ ቆሜ ነበር። አልሳሉም። ጭስ የለም ብዬ ትራሱን ጠበቅ አደረግሁት።»

«አንተ!» አለ ሹክሪ። «የጋዝ ምድጃ እኮ ነው! ጋዝ ምን ጭስ አለው?»

ላቢብ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«እሺ፣ እሱ ስህተት ነበር እንበል» አለች ኢኽላስ። «ናስሩላህስ?»

ላቢብ የናስሩላህን ካቴና አየና ዓይኑን መለሰ።

ካሊዮፒ ዓረብኛውን ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። ኢኽላስን ወደ ጎን ሳብ አደረገቻት። «ቃሉን መቀበል አለብኝ። ወዳጅሽ ነበሩ፤ ሌላ አስተርጓሚ ልጥራልሽ? ግን ከነገ በፊት አይደርስም። ናስሩላህ ደግሞ ዛሬ ነው የሚቀርበው።»

«እኔ አደርገዋለሁ።»

የአስተርጓሚ ደንብ ‹እሱ አለ› ማለትን አይፈቅድም። ላቢብ ወለሉ ላይ ሆኖ በዓረብኛ ያለቅሳል፤ ኢኽላስ ቆማ በግሪክኛ ትናገራለች። «ቧንቧውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አለች። «ናስሩላህ ሲጮህ ሰማሁ። ትራሱን አውጥቼ መስኮቱን አሸግሁ። ኡስታዝ ዙሄርን የገደልኩት እኔ ነኝ። ናስሩላህ ስደተኛ ነው፣ ማን ያምነዋል ብዬ በእሱ ላይ ተናገርኩ።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። ካሊዮፒ ጻፈች።

ፖሊሱ ካቴናውን ፈታ። ናስሩላህ ላቢብን ሳይሆን፣ ቃሉን የሰማበትን አፍ፣ ኢኽላስን ትኩር ብሎ አያት።

«በእኔ ላይ ላደረግኸው» አለ በዚያ በተሰባበረ ግሪክኛው፣ «ይቅር ብዬሃለሁ። የኡስታዝን ግን እኔ ይቅር የምለው አይደለም።»

ኢኽላስ ወደ ላቢብ ዞራ በዓረብኛ «ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። የቀረውንም ጨመረች። ግድያውም ይቅርታውም በአንድ አፏ አለፉ፣ አንዱም የሷ አልነበረም።

ላቢብ ቀና አለ። «አክስቴ… እርስዎስ?»

ካሊዮፒ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ምን አለ?»

«እኔን ነው የጠየቀኝ» አለች ኢኽላስ። «አልመለሰችለትም ብለሽ ጻፊ።»