ያልተከፈተው ጥፍር

የዘርሻን ቤተ መንግሥት ታላቁ ደወል ማንም ሳይነካው ሦስት ጊዜ አሳለ። ምልክቱ የታወቀ ነው፤ ትንፋሽ ነጣቂው አሞራ ፉጋር በሰባት ቀን ውስጥ ነቅቶ በሕፃናት ደረት ላይ ጥፍሩን ይዘረጋል። ስለዚህም በዚያ አገር ሕፃን የመጀመሪያውን የሳል ወራት ሳያልፍ ስም አይወጣለትም።

ወጣቷ መድኃኒት ቀማሚ ኤዶሚት ስም የለሽ ልጇን ታቅፋ በንግሥቲቱ ፊት ቆመች። «የማይጎዳ ክትባት ሳልይዝ ብመለስ፣ ይህች ምድር አትሸከመኝ!» ብላ ማለች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለ ሽማግሌው ጋሞራ። የእርሱን ታሪክ የማያውቅ የለም። ከዓመታት በፊት ከሞተ ፉጋር ጥፍር ክትባት ቀምሞ ነበር፤ የተከተቡት ሕፃናት ግን ካልተከተቡት ይልቅ ሳሉ ጸንቶባቸው ሞቱ። የኤዶሚት ታናሽ ወንድም አንዱ ነበር። እናቷ ስሂን «ከልጄ ገዳይ ጋር?» ብላ ጮኸች። ኤዶሚት ግን ቆርጣለች፤ ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ወጣች።

በመንገድ ላይ «ስህተትዎ ገብቶኛል፣ አባ» አለችው። «ፉጋር ሲመጣ ጥፍሩ ጭብጥ ነው፤ የሚዘረጋው ደረት ላይ አርፎ ትንፋሽ ሲሰማ ነው። ሲሞትም እንደተዘረጋ ይቀራል። እርስዎ ለሰውነታችን ያሳዩት የተዘረጋውን ነው፤ ዘበኛው ሌላ ሰው ሲጠብቅ ሌባው ገባ።»

«ታዲያ ጭብጡን ከሕያው ላይ መቁረጥ ነዋ» አለ ጋሞራ። «ካረጁ አይበጁ ይሉኛል፤ እናያለን።»

በስድስተኛው ቀን ዋሻው ደረሱ። ፉጋር ትንፋሽ ሲሰማ ጥፍሩን ይከፍታልና ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ገቡ። ኤዶሚት አንዱን ጭብጥ ጥፍር ቆረጠች። አሞራው ባነነ። ደረቷ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ብትተነፍስ እሷም ያበቃላታል፣ ክትባቱም ይቀራል። ያኔ ጋሞራ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ሆን ብሎ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። ፉጋር ወደ እርሱ ዞረ። ኤዶሚት እያለቀሰች ሮጠች።

በዘርሻን ሕግ መድኃኒቱን የሚቀምሰው አስቀድሞ ቀማሚው ነው። ኤዶሚት ጥፍሩን ፈጭታ፣ ክንዷን በጥታ ጨመረችበት፤ ከዚያም ፉጋር ወደ ከተማዋ ከመድረሱ በፊት በወረደባቸው የጠረፍ መንደሮች ከሚያስሉት ጋር ሃያ ቀን ተቀመጠች። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም። የከተማው እናቶች ግን፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጆቻቸውን ደበቁ።

ሕዝቡን ጥሳ የመጣችው ስሂን ነበረች፤ የልጅ ልጇን ታቅፋለች። «ክተቢው» አለች። «ሐሳቤን ሳልቀይር ግን ቶሎ በይ።»

ሌሎቹም ተከተሏት። ፉጋር ከተማዋ ደርሶ ባዶውን ተመለሰ፤ ወራቱም አለፈ። ንግሥቲቱ የሕፃኑን ስም ጠየቁ። ኤዶሚት የሟች ወንድሟን ስም ልትጠራ ስትል እናቷ ቀደመቻት።

«ጋሞራ» አለች ስሂን። «ጋሞራ በሉት።»