ያልተመለሱት ሽማግሌዎች

«ካራ! ካራ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ረዳቱ መገናኛ ላይ ሲጮህ ፌበን ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። የቀረችው ቦታ ከአምሃ ጎን ነበረች። ከሰው ሁሉ፣ ከአምሃ!

ቢቻላት ትወርድ ነበር፤ ታክሲው ግን ተንቀሳቅሷል። ከዓመታት በፊት ሽማግሌ ልኮባት፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁን ያጠፋ ሰው ነው። እሷም ኮርታ ለምን ብላ አልጠየቀችውም። አዋሳ በነርስነት ስትቀጠር ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። አሁን ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ተዛውራ ወደ አባቷ ቤት መመለሷ ነው።

እስከ ኮተቤ ድረስ ሁለቱም መስኮት መስኮቱን አዩ። ቀድሞ የተሸነፈው አምሃ ነው።

«ደህና ነሽ? አገባሽ?»

«ምን አገባህ?» አለችና ወዲያው ጸጸታት። «አላገባሁም። አንተስ?»

«አባትሽ ከከለከሉኝ ወዲያ ማንንም መጠየቅ ፈራሁ።»

«ማን ከለከለህ?»

«የላክኋቸውን ሰዎች ‹ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ› ብለው ሸኟቸው እኮ!»

ፌበን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች። አምሃ በከተማው አዛውንት ዘመድ ስላልነበረው የላከው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን ነበር። አንዳቸውም ሚስት አላገቡም፤ ሴት ልጅ በአንድ ምልልስ እንደማትሰጥ ማን ይንገራቸው?

«አንተ ሰውዬ! እሱ እኮ ወጉ ነው! በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ አባት የት አይተሃል? አባዬ ለሁለተኛው ቀን በግ ገዝቶ ነበር የሚጠብቃችሁ!»

«በግ?»

«አርጅቶ ነው የታረደው።»

ከፊታቸው የተቀመጡት ሴትዮ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አምሃ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፌበን ዓይን ዓይኑን አየችው። ለካ አልተጠላችም። ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ቂም ባለቤት አልነበረውም። እፎይ አለች፤ ከልቧ እፎይ አለች።

«አሁንም ትወደኛለህ?» አለች፣ ሴትዮዋ ቢሰሙም ግድ ሳይሰጣት።

«መቼ ተውኩሽ?»

ካራ ወርደው ሻንጣዋን አምሃ ያዘላት። ከግቢው በር ሲደርሱ ግን ሻንጣውን አስቀምጦ ቆመ።

«በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?»

ሳይጨርስ በሩ ተከፈተ። አባቷ አቶ በዳዳ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ልጃቸውን እንኳ ሳይስሙ አምሃን ትክ ብለው አዩት።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ምነው ቆየህ?»

ፌበን ናት የአምሃን እጅ ይዛ የመለሰችላቸው።

«መንገድ ጠፍቶት ነው አባዬ። መጥቷል አሁን።»