እትዬ ያላጠፈቻቸው ወፎች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ...

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎረቤታችን ምንጣፍ ያራግፋል።

እኔ ራሴ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ በሳቅ ሆዴን የምይዝ ሰው ነበርኩ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰፍታ ነው ያሳደገችኝ። ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት። እግሯም፣ እጇም። ከአልጋ ወደ ወንበር የማነሳት እኔ ነኝ።

እግሩ ይቅርብኝ ትላለች። እጇን ግን...

"ሚጡዬ፣ መቀስ ካልያዝኩ ምን ልሠራ ነው የተረፍኩት?" ትለኛለች።

በየሐሙሱ ቤት ድረስ እየመጣ የሚያሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ። ዶክተር አይደለሁም እያለ ቢምል ቢገዘትም ዶክተር ነው የምንለው። ወረቀት ማጠፍ ያዘዘላት እሱ ነው። አንድ ጥቅል ቢጫ ወረቀት ሰጠንና የወፍ አስተጣጠፍ አሳየን።

"በቀን አንድ ወፍ፣ በቀኝ እጅ። ባይሆንም ይሞከር" አለ።

አልሆነም። ሳምንቱን ሙሉ ወረቀቱ ደረቷ ላይ እንዳለ ይውላል። እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ምግብም ቀነሰች።

እናም ሞኝነት ሠራሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋት አንድ ወፍ አጠፍኩና ቀኝ መዳፏ ውስጥ አኖርኩት። ስትነቃ "ውይ እትዬ! በእንቅልፍ ልብሽ አጠፍሽው እኮ! ቆሜ አየሁሽ!" አልኳት።

አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች። ያን ቀን ሳህኗን ጥርግ አድርጋ በላች።

ታዲያ ማን ያቁመኝ? በማግስቱ ደገምኩ። በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ከዚያ ሕሊናዬ ቆረቆረኝና ተውኩት።

ልብ በሉልኝ... ሦስት ብቻ ነው ያጠፍኩት።

በአራተኛው ቀን ከሱቅ ስመለስ መዳፏ ውስጥ ወፍ አለ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እህቴ ዳነች አልኩ። በአምስተኛው ቀን ሌላ። በስድስተኛው ሁለት።

ሁለት ሲሆን ግን ቆም አልኩ።

በየጠዋቱ የማቀርብላት አንድ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ ሳይታጠፍ ደረቷ ላይ አለ። ጥቅሉ ያለው ሳሎን፣ ቁምሳጥን አናት ላይ ነው፤ እኔ እንኳ ወንበር ላይ ቆሜ ነው የማወርደው። እትዬ ያለ እኔ ከትራሷ ቀና አትልም።

የእጥፋቱ መስመር በጥፍር ተጭኖ የተሰመረ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ወረቀቱ ተቀዷል። የእትዬን ጥፍር ከሥሩ የምቆርጥላት ግን እኔ ነኝ።

አንዱን ወፍ አነሳሁት... ሞቀኝ። ከብብት የወጣ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ። በር ዘግቼ፣ መዝጋቴን ለማየት ተመልሼ እሄዳለሁ።

"ምን ያንቆራጥጥሻል?" አለችኝ እትዬ።

"ምንም።"

"ሚጡዬ... ሳጥፍ እጄ ምን ይመስላል?"

"ቀስ... ቀስ ይላል" አልኳት።

በነጋታው ሐሙስ ዶክተሩ መጣ። ሰባቱ ወፎች መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል። ነፋስ መጋረጃውን እያወዛወዘው አንዳቸውም አይነቃነቁም።

"ዶክተር፣ ድኛለሁ!" አለችው ገና ከበሩ።

ወፎቹን አይቶ ፊቱ በራ። አልጋው ጫፍ ተቀመጠና ቀኝ እጇን ያዘ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሞከራቸው። ጨብጪኝ አላት። ደግሞ ጨብጪኝ አላት። ፊቱ እየጠቆረ መጣ። ተነስቶ ወደ በሩ ጠራኝ።

"ማን ነው የሚያጥፈው?" አለ በሹክሹክታ።

"እሷ ናት።"

"እህቴ፣ ይህ እጅ ገና አልተነቃነቀም። እውነቱን ንገሪኝ።"

"ሦስቱን... እኔ ነኝ።"

"አራቱስ?"

ዓይኔን ወደ ወፎቹ መለስኩ። ትንሽ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እንደዋሸሁት ነው የቆጠረው።

"በውሸት ተስፋ ከምትቆይ እኔው እነግራታለሁ" አለ።

ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለቱንም እጆቿን በመዳፎቹ መሃል ያዘ።

"እትዬ፣ አይክፋሽ። ቀኝ እጅሽ ገና ነው። እነዚህን ወፎች አንቺ አይደለሽም ያጠፍሻቸው።"

እትዬ ግን ፈገግ አለች።

"እንዴት ገና ነው ትለኛለህ? ይኸው አሁንም እያጠፍኩ እኮ ነው።"

ዶክተሩ እጆቿን ተመለከተ። እኔም ተመለከትኩ። ሁለቱም እሱ መዳፍ ውስጥ ናቸው። ንቅንቅ አላሉም።

"ይሰማኛል" አለች በሹክሹክታ። "አሁን ክንፉ ጋ ደርሻለሁ..."

ያኔ ሰማነው።

ከብርድ ልብሱ ሥር... ሽክ። ሽክ። ወረቀት እየታጠፈ ነው። ጥፍር መስመሩን ይጫናል... ያልፋል... ይጫናል።

ዶክተሩ እጆቿን አልለቀቀም። መልቀቅ የፈራ ይመስለኛል።

እትዬ በደስታ ታለቅሳለች። "ሚጡዬ፣ የስፌት መኪናዬን አቧራዋን ጥረጊልኝ። ነገ ሥራ እጀምራለሁ።"

እሺ አልኳት፣ ዓይኔን ከብርድ ልብሱ ሳልነቅል።

ከብርድ ልብሱ ጠርዝ አንድ ቢጫ ወፍ ቀስ ብሎ ተገፍቶ ወጣ። አንገቱ ቆሟል፣ ክንፉ ተዘርግቷል። የቀረው ምንቃሩ ብቻ ነበር።

ሦስታችንም እያየነው... ምንቃሩ ታጠፈ።