ጭራቁ አልሞተም

«እሳት!» አለ ሶረን፣ ብሪን ስለ ተኩላዎቹ ተናግራ ሳትጨርስ።

መንጋው በአንዴ አመድ ሆነ። ብሪን ያንን መንጋ ስታሰናዳ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ነው የቀረችው።

ኖኤሚ ከቺፕሱ ቀና አለች። «ተራዬ ደረሰ?»

«አልቋል» አለች ብሪን።

«ኧረ? ዛሬም?»

ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ በሚጫወቱት የጀግኖች ጨዋታ ኖኤሚ ሰይፈኛ ናት፣ ሶረን አስማተኛ። ሲጀምሩ እኩል ነበሩ። አሁን ግን ሶረን ጣቱን ካነሳ ጦርነቱ አለቀ፤ ኖኤሚ ሰይፏን ስትመዝ የሚመታ ጠላት የለም። አስማቱ ያልቃል፣ ግን ተኝቶ ሲነሳ መልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከየውጊያው በኋላ «እንተኛ!» ይላል። እነዚህ ጀግኖች ከድመት ይብሳሉ። እንቅልፍ ያጣችው ጨዋታውን የምትመራው ብሪን ብቻ ናት።

ከዋሻው ጭራቅ ወጣ። የሶረንን እሳት እንዲችል ብሪን በደንብ አወፍራዋለች። ሶረን ያለውን አስማት ሁሉ ለቀቀበት፤ ጭራቁ አልወደቀም። ኖኤሚ ባለ ሃያ ቁጥር ዳይሷን ጣለች፤ ሰይፏ አገኘው። ያን ለሚያህል ጭራቅ የትንኝ ንክሻ ነው። የጨዋታ መሪ የሚጥለውን ዳይስም፣ ለጭራቁ የቀረውን የነፍስ ቁጥርም የሚደብቀው ከካርቶን ጀርባ ነው። ብሪን በካርቶኑ አናት የኖኤሚን ፊት አየችና፣ «ወደቀ! ገደልሽው!» አለች።

ኖኤሚ ወንበሯን ገፋ አደረገች። ተነስታ ከሚጫወቱበት ምድር ቤት ወደ ወጥ ቤት ወጣች። ብሪን ተከተለቻት።

«ስንት ነፍስ ቀርቶት ነበር?» አለች ኖኤሚ።

«ማን?»

«ባክሽ አትሸውጂኝ! የሶረን እሳት ያልጣለውን እኔ በአንድ ምት?»

«ትንሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ…»

«ሕፃን ነኝ እንዴ፣ ሲሸነፉልኝ የምስቅ? አታስፈልጊንም በይኛ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አትጠብቁኝ።» ቡት ጫማዋን ፍለጋ ጎንበስ አለች።

ብሪን ማቀዝቀዣውን ተደገፈች። ሶረን አስማቱ ከተነካበት ያኮርፋል፤ ኩርፊያው ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ዝም ካለች ኖኤሚ ትሄዳለች። ሁሉን ማስደሰት ከሒሳብ በላይ አደከማት።

«አንዴ ውረጂ» አለች። «ካልጣመሽ ያኔ ሂጂ።»

ሲወርዱ ሶረን «እንተኛ እንጂ!» ይላል።

«አትተኛም» አለች ብሪን። «ከዛሬ ጀምሮ አስማት የሚሞላው ከተማ ገብታችሁ ስታድሩ ብቻ ነው። ጫካ ውስጥ እንቅልፍ ድካም ያወጣል፣ ሌላ ምንም።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም!»

«የቤት ሕግ ነው።»

«አቦ ቀሽም ነሽ! ከተማው እኮ የት አለና!»

«እንግዲህ እሳትህን ቆጥብ። ደግሞ ጭራቁ አልሞተም። ዋሽቻችኋለሁ።»

ሶረን አስማቱን የሚመዘግብበትን ወረቀት አገላበጠ። አንድም አስማት አልቀረለትም። ቀስ ብሎ ወደ ኖኤሚ ዞረ። «ኖኤሚዬ… ሰይፍሽ ስለታም ነው አይደል?»

«ዛሬ ነው የምታውቀኝ?» አለች፣ አንድ እግሯ ቡት ውስጥ እንዳለ።

ብሪን ካርቶኑን አጠፈችና ወንበሯ ሥር ከተተችው። የጭራቁን ዳይስ ሁሉም በሚያየው የጠረጴዛው መሃል ጣለች። ሃያ ወጣ። ዳይሱ ላይ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም።

«የመታው ኖኤሚን ነው» አለች፣ ድምጿን ሳታለዝብ። «ክፉኛ።»

ኖኤሚ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችው። ወንበሯን ሳበችና የነፍሷን ቁጥር ልትቀንስ እርሳስ ጠየቀች።